የጨረቃ ድንጋይና የቦዲቲ ጕድጓድ

ወደ ወላይታ ሄደን በቦዲቲ ከተማ ባደርንበት አንድ ማታ፥ መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ፥ በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን በጨረቃ ብርሃን ሻይ እንጠጣ ነበር። ጨረቃዋ ሞልታለች፤ የዳሞታ ተራራም ከነሸንተረሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አብረውን ከተቀመጡት አንደኛው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፥ ሁለተኛው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የመንግሥት ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ሠራተኛ ነው። ተማሪው ወደ ላይ እያየ «ጋሼ፥ ሰው እዚያ ሄዷል የሚባለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀን። እኛ መልስ ከመስጠታችን በፊት ወጣቱ ሠራተኛ ቀደመንና «ሄደው ድንጋይ ለቅመው ተመለሱ፤ ለቦዲቲ እንደሆነ ውሃ አላመጡላት» አለ። በረንዳው ሁሉ ሣቀ። እኛም ሣቅን። ከመንገዱ ማዶ ባለው የቦኖ ውሃ ደጃፍ የነገን ወረፋ ለመያዝ ባዶ ጀሪካኖች ተሰልፈው ይታዩ ስለ ነበረ፥ ቀልዱ ከእውነት የራቀ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ነገሩ ከልባችን አልወጣም። በዚያ ምሽት ተገቢውን መልስ ሳንሰጥ ተለያየን፤ በማግስቱ ያየነውንም ወደ ፍጻሜው እንነግራለን። ዛሬ በዚህ ገጽ ለሁለቱ ወጣቶችና እነሱን ለሚመስሉ አንባቢዎቻችን የዘገየውን መልሳችንን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ቃል አናባክንም። ሰው ወደ ጨረቃ ሄዷል። ከሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. ድረስ በስድስት ጉዞ አሥራ ሁለት አሜሪካውያን የጨረቃን አፈር ረግጠዋል። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህልም ሌላ የተከተላቸው አልነበረም። በዚያ ተክለዋቸው የመጡት መስታወቶች ከምድር የሚላክላቸውን የሌዘር ብርሃን ዛሬም ይመልሳሉ፤ በዚህም መለኪያ ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ከኛ እየራቀች መሄዷ ታውቋል። ይህ ለማያሳምነው ሰው ሌላ የምንለው የለንም።

የከበደን ሁለተኛው ነገር ነው፤ ይኸውም «ድንጋይ ለቅመው ተመለሱ» የሚለው ነው። ወጣቱ ወንድማችን ይህን ያለው ለማቃለል ነበር። እኛ ግን ነገሩን መላልሰን ባሰብነው ቊጥር፥ ሰዎቹ ከሠሩት ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ድንጋይ መልቀማቸው ሆኖ ታየን። ስለ ባንዲራው መተከልና ስለ መጀመሪያው እርምጃ ብዙ ተነግሯል። ስለ ድንጋዩ አለቃቀም ግን በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው ጥቂት ነው።

አለቃቀሙ እንዲህ ነበር። ጠፈርተኛው አንድ ድንጋይ ባየ ጊዜ ዘሎ አያነሣውም። አስቀድሞ አጠገቡ ቁመቱ የታወቀ ዘንግ ያቆማል፤ የዘንጉ ጥላ የፀሐይን አቅጣጫ ያሳያል። ከዚያ ፎቶግራፍ ያነሣል። የድንጋዩን ቀለም፥ መጠንና አቀማመጥ በቃሉ ይናገራል፤ ድምፁም በምድር ይቀዳል። ከዚህ በኋላ በመቆንጠጫ አንሥቶ ቊጥር በተጻፈበት ከረጢት ያኖረዋል፤ ቊጥሩንም ጮኾ ይናገራል። ድንጋዩ የተነሣበትን ባዶ ስፍራ ደግሞ እንደገና ፎቶግራፍ ያነሣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ጣቱን እንኳ ለማጠፍ በሚያስቸግር ጓንት፥ የአየሩ መጠን በሰዓት ተቈጥሮ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ነው። በስድስቱ ጉዞዎች 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈር በዚህ ዓይነት ተሰብስቦ፥ ከሁለት ሺህ በላይ ናሙና ሆኖ ተመዘገበ።

ለዚህ ሥራ የታጩት አብዛኞቹ የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ነበሩ እንጂ ስለ ድንጋይ የሚያውቁት ከኛ የተሻለ አልነበረም። ስለዚህ የሥነ ምድር መምህራን በአሪዞና በረሃ፥ በሃዋይና በአይስላንድ የእሳተ ገሞራ ሜዳዎች እየወሰዱ አሠለጠኗቸው። ከመምህራኑ አንዱ በ1930 ዓ.ም. የተወለደው ግብፃዊው ፋሩቅ አልባዝ ነበር፤ እርሱም በጨረቃ ዙሪያ የሚበርረው ጠፈርተኛ ከላይ ሆኖ ምን ማየት እንደሚገባው ያስተምር ነበር። የናይል ልጅ ለጨረቃ መንገደኞች መምህር መሆኑን በየመማሪያ ክፍላችን የሚያነሣልን ሰው ማጣታችን ያሳዝነናል።

አሠራሩ ፍጹም አልነበረም። በጥር 1963 ዓ.ም. አለን ሼፐርድና ኤድጋር ሚቸል ኮን ወደሚባለው ታላቅ ጎድጓዳ አፋፍ ለመድረስ በእጅ የሚጎተት ጋሪ ይዘው አቀበት ጀመሩ። በጨረቃ ላይ ዛፍ የለም፥ ቤት የለም፥ ጭጋግ የለም፤ ስለዚህ ዓይን የሩቁን ከቅርቡ መለየት ያቅተዋል። አንዱን ኮረብታ ወጥተው «ደረስን» ሲሉ ሌላ ኮረብታ ይጠብቃቸዋል። በመጨረሻም ልባቸው እየመታ፥ ጊዜያቸው አልቆ፥ አፋፉን ሳያዩ ተመለሱ። ያነሡት ፎቶግራፍ በኋላ ሲመረመር ከአፋፉ 30 ሜትር ያህል ብቻ ቀርቷቸው እንደ ነበረ ታወቀ። ለአንባቢዎቻችን ልናሳስብ የምንወደው፥ የት እንደ ደረሱ የታወቀው እየመዘገቡ ስለ ሄዱ መሆኑን ነው። ሳይመዘግቡ ተመልሰው ቢሆን ኖሮ ያደረሱን ወሬ «ፈለግነው፤ አላገኘነውም» የሚል ብቻ በሆነ ነበር።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ ዴቪድ ስኮት በጨረቃ መኪና ሲመለስ በመንገድ ዳር ቀዳዳ የበዛበት ጥቊር ድንጋይ አየ። ከሂውስተን የሚመሯቸው ሰዎች ጊዜ ስላነሳቸው ቶሎ ተመለሱ ብለው ነበር። ስኮት ግን «የመቀመጫዬን ቀበቶ ላስተካክል» ብሎ መኪናውን አቁሞ ወረደና ድንጋዩን አነሣ፤ ባልደረባው ጄምስ ኧርዊንም ስለ አካባቢው ጎድጓዶች እያወራ ጊዜ አገኘለት። ያ ድንጋይ እስከ ዛሬ «የቀበቶው ድንጋይ» ይባላል። ወጣት ሠራተኞች አለቆቻቸውን እንዲያታልሉ የምንመክር እንዳይመስልብን እንጂ፥ ሥራውን የወደደ ሰው እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

በመጨረሻው ጉዞ፥ በታኅሣሥ 1965 ዓ.ም.፥ የዩጂን ሰርናን መዶሻ የጨረቃውን መኪና የኋላ ፓራፋንጎ ሰበረው። የጨረቃ አቧራ እንደ ተፈጨ መስታወት ስለታም ነው፤ ልብስን ይበላል፥ መገጣጠሚያን ያነቅዛል። ፓራፋንጎ የሌለው ጎማ ይህን አቧራ በሰዎቹ ላይ ያዘንበው ጀመር። እነሱም አራት ወፍራም ካርታዎች በፕላስተር አጣብቀው፥ ከመብራት ላይ በተነቀለ መቆንጠጫ አሥረው ጉዞ ቀጠሉ። ቦዲቲ ከመንገድ ዳር የተቀመጡት የባጃጅ ጠጋኞች ይህን ቢሰሙ የሚገረሙ አይመስለንም።

በዚሁ ጉዞ ከአሥራ ሁለቱ መካከል በሙያው የሥነ ምድር ሊቅ የነበረው ብቸኛው ሰው፥ ሃሪሰን ሽሚት፥ ሾርቲ ከሚባል ጎድጓዳ አፋፍ ላይ በጫማው የጫረው አፈር ብርቱካናማ ሆኖ አገኘው። ግራጫ ብቻ በሆነ አገር ብርቱካናማ አፈር! ያ አፈር ወደ ምድር መጥቶ ሲመረመር ከሦስት ቢሊዮን ተኩል ዓመት በፊት ከጨረቃ ሆድ እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ የተረጨ የቀለጠ ድንጋይ፥ በአየር ላይ ሳለ በርዶ የጠጠረ ጥቃቅን የመስታወት ዶቃ ሆኖ ተገኘ።

ወጣቱ ወንድማችን ያነሣው የውሃ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ዘመን የነበሩ መጻሕፍት ሁሉ ጨረቃ ፍጹም ደረቅ ናት ይሉ ነበር። መርማሪዎቹም በጊዜው በነበራቸው መሣሪያ የመስታወቱን ዶቃ ፈትነው ውሃ አላገኙበትም። ነገር ግን አልጣሉትም፤ ቊጥሩን እንደ ያዘ በንጹሕ ስፍራ አስቀመጡት። ከ35 ዓመት በኋላ፥ በ2000 ዓ.ም.፥ የተሻለ መሣሪያ የያዙ ሌሎች መርማሪዎች መጥተው ከጨረቃ ከመጡት የመስታወት ዶቃዎች ጥቂቱን ጠየቁ። በውስጣቸው የውሃ ምልክት አገኙ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው ከሽሚት ብርቱካናማ አፈር ከዚያ የበለጠ ተገኘ። ተዘግተው ከተቀመጡት ቱቦዎች አንዱ የተከፈተው በ2012፥ ሌላው በ2014 ዓ.ም. ነው። የከፈቱት ሰዎች አንዳንዶቹ አፈሩ ሲታፈስ አልተወለዱም ነበር። እንግዲህ ውሃው አስቀድሞም በእጃቸው ነበረ ማለት ነው። ሊያገኙት የቻሉት አንድ ሰው ድንጋዩ ከየት እንደ መጣ ጽፎ ስላስቀመጠላቸው ነው።

አሁን ወደ ቦዲቲ እንመለስ። ይህ አገር ለጨረቃም ለድንጋይም ባዕድ አይደለም። የወላይታ ሽማግሌዎች የጊፋታ በዓል የሚውልበትን ቀን ለመለየት የጨረቃን ጨለማና ብርሃን ሲቈጥሩ ኖረዋል። በቦዲቲ አጠገብ የቆመው ዳሞታ ራሱ እሳተ ገሞራ የሠራው ተራራ ነው። በተራራው ጎን ሞቼና ቦራጎ የሚባል ሰፊ የድንጋይ ጥላ አለ፤ የታሪክ ቅርስ መርማሪዎች ቆፍረው የሰው ልጅ ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ እንደ ተጠለለበት አረጋግጠዋል። እነዚያ የጥንት ሰዎች መሣሪያቸውን ይሠሩ የነበረው በባልጩት ነው። ባልጩት ደግሞ ሌላ ሳይሆን እሳተ ገሞራ የወለደው መስታወት ነው፤ ሽሚት በጨረቃ ላይ ያገኘው ዓይነት ፍጥረት ማለት ነው። ለሥራቸው የሚስማማውን ድንጋይ ከሩቅ እየለዩ ወደ ዳሞታ ያመጡ ነበር። ቆፋሪዎቹም በበኩላቸው እያንዳንዱን ስባሪ ከየትኛው የአፈር ድርብ፥ በምን ያህል ጥልቀት እንዳገኙት ጽፈዋል፤ ያ ባይጻፍ ኖሮ 50 ሺህ ዓመት የሚለውን ቊጥር ማንም ሊናገር አይችልም ነበር።

እኛስ? በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው ስንዞር ያየነውን አንድ ነገር እንንገር። የቀበሌውን ስም አንጠራም፤ በብዙ ስፍራ የሚገኝ ጥፋት ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመኪና የሚሠራ መቆፈሪያ መጥቶ ጥልቅ ጕድጓድ ተቆፈረ፤ ውሃ አልተገኘም፤ ጕድጓዱ ተደፈነ። ከዚያ ሌላ ድርጅት መጥቶ ከቀድሞው ሁለት መቶ እርምጃ በማይርቅ ስፍራ ቆፈረ። አሁንም ደረቀ። የሁለተኞቹ ቆፋሪዎች የመጀመሪያውን መዝገብ ጠይቀው ነበር። መዝገቡ ከሌሎች አሮጌ ወረቀቶች ጋር አብሮ ተወግዷል ተባሉ። ለአንድ መዝገብ መጥፋት ሁለት ጊዜ የተቆፈረበት ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

የጕድጓድ መዝገብ ምን እንደሆነ ለማያውቁ ተማሪዎች ባጭሩ እንግለጸው። መቆፈሪያው እየወረደ ሲሄድ በየጥቂቱ ሜትር የሚወጣው አፈርና ድንጋይ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጻፋል፤ ለምሳሌ ቀይ አፈር፥ አመድ መሰል ነጭ ድንጋይ፥ ጥቊር ድንጋይ እየተባለ። ውሃ የተገኘበት ጥልቀት፥ ውሃው ወደ ላይ የወጣበት ከፍታ፥ በሴኮንድ የሚሰጠው ሊትር፥ በውስጡ ያለውም ማዕድን ይጻፋል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ቆላዎች ከሚገኘው የከርሰ ምድር ውሃ ብዙው ፍሎራይድ የበዛበት ነው፤ ከልክ ያለፈ ፍሎራይድ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፥ ለብዙ ዓመት ሲጠጣም አጥንትን ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። እንግዲህ ከዚህ ጕድጓድ ልጅ ይጠጣ ወይስ አይጠጣ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ያለው በዚያች መዝገብ ላይ ነው። መዝገቧ ከሌለች መልሱ በልጁ ጥርስ ላይ እስኪጻፍ መጠበቅ ነው።

በአገራችን መዝገብ የያዘ ሰው አልነበረም ብንል ሐሰት እንናገራለን። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ፥ በ1950 ዓ.ም. ገደማ፥ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር፥ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ውስጥ የምድርን መንቀጥቀጥና መግነጢስ የሚመዘግብ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። መሪው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ መምህር ፒየር ጉዋን ነበሩ። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ማጀቴን ባፈራረሰ ጊዜ የመረመሩት እሳቸው ናቸው። በኋላም ከዜና መዋዕል፥ ከመንገደኞች ማስታወሻና ከልዩ ልዩ ደብዳቤ እየለቀሙ የኢትዮጵያን የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ። አንድ የጥንት ጸሐፊ በብራና ጥግ ላይ «በዚህ ቀን ምድር ተናወጠች» ብሎ የጻፈው አንድ መስመር ለሳይንስ እንዴት እንደሚያገለግል ከዚህ ሥራ ይታያል። ጠፈርተኞቹም በጨረቃ ላይ መንቀጥቀጥ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ተክለው ነበር፤ እስከ መስከረም 1970 ዓ.ም. ድረስ ሠርተዋል፤ የጨረቃ ሆድ ምን እንደሚመስል የታወቀው ከነሱ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትናወጥና በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ቀዬውን ሲለቅ፥ ለመምከር የቻሉት ሊቃውንት የተመረኮዙት ከዚህ በፊት በተመዘገበው ላይ ነው።

ከወላይታ አጠገብ በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፥ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን አንባቢ አይረሳም። ተራራው ተንዶ ሰዎችን ቀበረ፤ እነሱን ለማውጣት የሮጡትን ወገኖች ደግሞ ዳግመኛ ተንዶ ቀበራቸው። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። ይህን ጠቅሰን ማንንም ለመውቀስ አንነሣም። ነገር ግን በዳገት ላይ በሚኖር ሕዝብ መካከል የተመደበ ወጣት ሠራተኛ፥ በዚህ ክረምት ከኮረብታው አናት ላይ ስንጥቅ ታይቶ እንደሆነ፥ ንጹሕ የነበረ ምንጭ ድንገት ደፍርሶ እንደሆነ፥ ዛፍ አዘንብሎ እንደሆነ፥ ስንት ቀን ያለማቋረጥ ዘንቦ እንደሆነ ከነቀኑ ጽፎ ቢይዝ፥ ይህ ከጨረቃ ድንጋይ መልቀም በምን ያንሳል?

«ድሃ አገር ነን፥ መሣሪያ የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣብን እናውቃለን። በርግጥ የጨረቃው ጉዞ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የተሠራ ነው፤ ከኛ ጋር አይወዳደርም። ከወጪው ሁሉ ግን እጅግ ርካሹ ዘንጉና ከረጢቱ፥ በከረጢቱም ላይ የተጻፈው ቊጥር ነበር። አገራችንም ብትሆን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የመጀመሪያ ሳተላይቷን አምጥቃለች፤ ሥራዋም የምድርን ገጽ ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። ደስ ብሎናል። ሆኖም ከሰማይ የተነሣ ሥዕል ላይ አንድ አረንጓዴ ስፍራ ሲታይ እንሰት ይሁን በቆሎ፥ ወይስ ባሕር ዛፍ፥ በእግሩ ሄዶ አይቶ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በየወረዳው ያለው ወጣት ሠራተኛ ነው እንጂ ከውጭ አገር አይመጣም። ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛው፥ ማናቸውም ጕድጓድ ሲቆፈር የመዝገቡ አንድ ግልባጭ ለወረዳው፥ አንድ ግልባጭ ለአቅራቢያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሳይሰጥ የርክክቡ ወረቀት እንዳይፈረም ነው። ፈራሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የኛው ዕድሜ እኩዮች ናቸው፤ ብዕሩ በእጃቸው ነው። ሁለተኛው፥ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጸዳ፥ ቊጥርና ቀን ያለበትን አሮጌ ደብተር ከማቃጠል በፊት የሚያውቅ ሰው እንዲያየው ነው።

በቦዲቲ በማግስቱ ጠዋት ከሁለቱ ወጣቶች ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የእጅ ጕድጓድ ሄድን። ወጣቱን ሠራተኛ «ጥልቀቱ ስንት ነው?» ብለን ጠየቅነው። አያውቅም። በአጥር ጥግ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ጥያቄያችንን ሰምተው ቀረቡና ጕድጓዱ ሲቆፈር እሳቸው ራሳቸው ገመድ ሲጎትቱ እንደ ነበረ ነገሩን። እስከ አሥራ ስምንት ክንድ ቀይ አፈር፥ ከዚያ በኋላ እንደ አመድ የሚፈርስ ነጭ ድንጋይ፥ ከሥሩም መዶሻ የሚመልስ ጥቊር ድንጋይ እንደ ነበረ፥ ውሃው ከዚያ ከነጩና ከጥቊሩ መካከል እንደ ወጣ፥ በበጋ ደግሞ ስንት ክንድ እንደሚወርድ ምንም ሳይሳሳቱ ቈጠሩልን። ወጣቱ ሠራተኛ ወረቀት ፈልጎ ኪሱን ዳበሰ፤ የሻይ ቤቱን ደረሰኝ አገኘ። «አባባ፥ እንደገና ከላይ ይጀምሩልኝ» አላቸው። ተማሪውም ክንዱን ዘርግቶ በሜትር ስንት እንደሚሆን ይለካ ጀመር።